አዲስ በያጅ ወደ ሥራው ሲገባ ይዞት ሊሄድ የሚገባው ዕቃ

ማናቸውም ባለ እጅ ያለ መሣሪያው ሲታይ ብዕር እንደሌለው ጸሐፊ፥ ማረሻ እንደሌለው ገበሬ ነው። ስለዚህ አንድ ቤተ ሰብ ልጁን ወደ እጅ ሥራ ለመስደድ በቈረጠ ጊዜ በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ለሥራው ምን ምን ዕቃ ያስፈልገዋል?» ብሎ ነው። ጥያቄው የተገባ ነው፤ ነገር ግን መልሱ እንደየሥራው ይለያያል። አናጢ መጋዝና መላጊያ፥ ልብስ ሰፊም መቀስና መርፌ ከያዘ ሥራውን ይጀምራል። በብየዳ ሥራ ግን ከመሣሪያው አስቀድሞ የሚገዛ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም የሠራተኛውን ዐይን፥ ሳንባና ቆዳ የሚጠብቀው ዕቃ ነው። በዚህ በቤተ ሰብ ገጻችን ለአንባቢዎቻችን ልንገልጸው የምንወደው ይህንኑ ነው።

ብየዳ ማለት ሁለት ብረቶችን በእሳት ኃይል አቅልጦ አንድ አካል ማድረግ ነው። የቀድሞ ቀጥቃጮቻችን ብረቱን በከሰልና በወናፍ አግለው በመዶሻ እየመቱ ያጋጥሙት ነበር። በኤሌክትሪክ እሳት የመበየድ ጥበብ የተስፋፋው ግን በፈረንጆች አቈጣጠር ከ1880ዎቹ ዓመታት ወዲህ ነው። በሩስያ አገር ኒኮላይ ቤናርዶስ በከሰል ዘንግ፥ ከእርሱም ቀጥሎ ኒኮላይ ስላቭያኖቭ እየቀለጠ በሚያልቅ የብረት ዘንግ መበየድን አሳዩ። ዛሬ በየሠፈሩ የምናየው ኤሌክትሮድ የሚባለው ሽፋን ያለው ዘንግ የዚያው ጥበብ ፍሬ ነው።

በአገራችን ብረት ሠሪን መናቅ የቈየ ክፉ ልማድ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን ከለከሉ። ዛሬ ከትልቁ ግቢ የውጭ በር ጀምሮ እስከ ትንሹ ሱቅ መስኮት ድረስ የበያጅ እጅ ያልነካው ቤት በከተማ ማግኘት ይቸግራል። በመርካቶ ምናለሽ ተራ የሚውል ሰው አሮጌው ብረት እንደምን ታድሶ ምጣድ ማስቀመጫ፥ ምድጃና አልጋ እንደሚሆን ያያል። ነገር ግን ክብር በቃል ብቻ አይፈጸምም። ሠራተኛን አለመስደብ አንድ ነገር ነው፤ ዐይኑ እንዳይጠፋ ማሰብ ደግሞ ከዚያ የሚበልጥ ክብር ነው።

ስለ ምን ይህን ያህል ጥንቃቄ ያስፈልጋል ቢባል፥ ምክንያቱ እሳቱ ነው። ብረት የሚቀልጠው በ1,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን የኤሌክትሪኩ እሳት ግን ከ3,000 ዲግሪ በላይ ይግላል። ከዚህ እሳት ሦስት ጠላቶች ይወጣሉ። አንደኛው ጨረር ነው፤ ከእርሱም ውስጥ አልትራቫዮሌት የሚባለው በዐይን የማይታይ ክፍል አለበት። ሁለተኛው ጭስ ነው። ሦስተኛው ፍንጣሪ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ክፍል የሆነው ዓለም አቀፍ የካንሰር ምርምር ድርጅት በፈረንጆች አቈጣጠር በ2017 ዓ.ም. ባደረገው ምርመራ፥ የብየዳን ጭስና ከብየዳ የሚወጣውን አልትራቫዮሌት ጨረር ካንሰር ማምጣታቸው ከተረጋገጠባቸው ነገሮች ክፍል መድቦአቸዋል። እንግዲህ ጥንቃቄ የፈሪ ሥራ ሳይሆን የዐዋቂ ሥራ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን። አሁን ዕቃዎቹን በየተራቸው እንዘርዝር።

1ኛ፤ የፊት መከለያ። በተለምዶ ማስክ የሚባለው ይህ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ የሚገዛውም እርሱ ነው። በእጅ የሚያዝ አለ፤ በራስ ላይ የሚጠለቅም አለ። ለአዲስ ሠራተኛ የሚሻለው በራስ ላይ የሚጠለቀው ነው፤ ሁለቱ እጆቹ ለሥራው ነጻ ይሆኑለታልና። ከመከለያው ይልቅ ግን መመርመር የሚገባው በውስጡ ያለው ጥቁር መስተዋት ነው። የጥቁረቱ መጠን በቍጥር ተጽፎበታል። 2.5 እና 3.25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባላቸው በተለመዱት ኤሌክትሮዶች ለሚሠራ ሰው 10 ቍጥር መስተዋት የተገባ ነው። ወፍራም ብረት በብዙ ኃይል ሲበየድ እስከ 12 ቍጥር ድረስ ይወጣል። ቍጥር ያልተጻፈበትን መስተዋት መግዛት፥ ምን እንደ ሆነ ያልታወቀ መድኃኒት እንደ መዋጥ ይቈጠራል። ደግሞም ከጥቁሩ መስተዋት ፊት ነጭ መስተዋት ይገባል፤ ፍንጣሪው የሚያርፈው በእርሱ ላይ ስለ ሆነ ሲደበዝዝ ይለወጣል። ስለዚህ ሁለት ሦስት ትርፍ ነጭ መስተዋት መግዛት ከብልኅ ሰው ይጠበቃል። እሳቱ ሲነሣ ራሱ የሚጠቍር፥ ሲጠፋም የሚገለጥ ዘመናዊ መከለያም አለ። ገንዘብ ለሚፈቅድለት ሰው መልካም ነው፤ ነገር ግን ባትሪው እንዳይደክም በየጊዜው ሊታይ ይገባዋል።

በመንገድ ዳር ብዙ ወጣቶች በፀሐይ መነጽር ሲበይዱ እናያለን። ጥቁር መነጽር ሁሉ አንድ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ልዩነቱን በቍጥር እንየው። የተለመደው ጠቆር ያለ የፀሐይ መነጽር ከሚመጣበት ብርሃን ከ100 እጅ ከ8 እስከ 18 እጅ የሚሆነውን ወደ ዐይን ያሳልፋል። 10 ቍጥር የብየዳ መስተዋት ግን የሚያሳልፈው ከ7,000 እጅ አንዱን ያህል ብቻ ነው። ከዚህም በቀር የፀሐይ መነጽር ጎንና ጎኑ ክፍት ነው፤ የፊትንም ቆዳ አይሸፍንም። ስለዚህ በፀሐይ መነጽር የሚበይድ ሰው ዝናብን በወንፊት እንደሚከላከል ሰው ነው።

2ኛ፤ ነጭ መነጽር። ይህ ከመከለያው ሥር የሚደረግ፥ የማይሰበርና ጎኑ የተሸፈነ መነጽር ነው። ሥራው ከተበየደ በኋላ በላዩ የሚጋገረው ስላግ የሚባለው ቅርፊት በመዶሻ ይራገፋል፤ ብረቱም በግራይንደር ይፈጫል። በዚህ ጊዜ ጥቁሩ መከለያ ስለማያሳይ ሠራተኛው ያነሣዋል፤ የጋለው ቅርፊትና የብረቱ ብናኝ ወደ ዐይን የሚዘልለውም ያን ጊዜ ነው። ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ እስከ 11,000 ጊዜ ያህል ስለሚዞር ከዲስኩ የተሰበረ ስባሪ እንደ ጥይት ይሄዳል። ስለዚህ የዲስኩ መከለያ ከቶ ሊነቀል አይገባውም፤ በዲስኩም ላይ የተጻፈው የመዞር ኃይል ከማሽኑ የሚያንስ እንዳይሆን ማየት ያሻል።

3ኛ፤ ጓንት። ከቆዳ የተሠራ፥ እስከ ክንድ የሚረዝም መሆን አለበት። የላስቲክና የክር ጓንት ለዚህ ሥራ አይሆንም። ጓንቱ በላብም ሆነ በዝናብ ከረጠበ ኤሌክትሪክ ስለሚያሳልፍ ደረቅ ጓንት በትርፍ መያዝ ይገባል። ብዙ የብየዳ ማሽኖች እሳቱ ሳይነሣ በኤሌክትሮዱ መያዣ ላይ እስከ 80 ቮልት ይይዛሉ፤ ይህም ላብ ያጠመቀውን ሰው ለመግደል የሚችል ነው። ደግሞ ጓንት አለኝ ብሎ የጋለ ብረት በእጅ ማንሣት አይገባም፤ ለዚህ ጉጠት ተሠርቶለታል።

4ኛ፤ ልብስና ጫማ። ቱታው የጥጥ ይሁን። ናይለንና ፖሊስተር የሚባሉት ልብሶች ፍንጣሪ ሲነካቸው ቀልጠው ከቆዳ ጋራ ይጣበቃሉና ቁስሉን እጥፍ ያደርጉታል። እጅጌው ወርዶ ይታሰር፤ የአንገቱ ቁልፍ ይቈለፍ፤ ኪሱ ክዳን ይኑረው። ሱሪውም ወደ ውጭ አይታጠፍ፤ እጥፉ የፍንጣሪ ማጠራቀሚያ ይሆናልና። ጫማው ቍርጭምጭሚት የሚሸፍን የቆዳ ጫማ ሆኖ ሱሪው በላዩ ይውረድበት። በነጠላ ጫማ መበየድ ለእግር ጥፋት ነው። ከኪስ ውስጥ ክብሪትና ላይተር፥ ከአንገት ላይ የሚንጠለጠል ሻሽ ይውጣ። የቆዳ ሽርጥና የጨርቅ ቆብ ቢጨመርበት የተሟላ ይሆናል።

5ኛ፤ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ። ነጠላ ወይም መሐረብ በአፍንጫ ላይ ማሰር አቧራ ይከለክል ይሆናል፤ የብየዳ ጭስ ግን እጅግ የረቀቀ ስለ ሆነ በጨርቁ ቀዳዳ ያልፋል። የሚጠቅመው ለዚህ ተብሎ የተሠራ ማጣሪያ ያለው፥ ከፊት ጋራ ተጣብቆ የሚገጥም መሸፈኛ ነው። ከእርሱ የሚቀድመው ግን ንጹሕ አየር ነው። በጠባብ ቤት ውስጥ በርና መስኮት ዘግቶ መሥራት አይገባም፤ ሠራተኛውም ራሱን ከሚወጣው ጭስ ላይ አያስግግ። ዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮና ቧንቧ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ከጥቂት ሰዓት በኋላ እንደ ወባ የሚያንቀጠቅጥ ትኩሳት ያመጣል። ወተት ጠጥቶ መሥራት ከዚህ ያድናል የሚል ወሬ አለ፤ ወተት ግን ወደ ሆድ እንጂ ወደ ሳንባ አይሄድም። የሚሻለው ልባሱን ከሚበየደው ስፍራ አስቀድሞ መፋቅ ነው።

6ኛ፤ የጆሮ መድፈኛ። ዋጋው ትንሽ፥ ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው። ቀኑን ሁሉ ግራይንደር ሲጮኽበት የሚውል ጆሮ ቀስ በቀስ ይደነቍራል፤ አንድ ጊዜ በዚህ ምክንያት የደነቈረ ጆሮም አይመለስም።

እስካሁን የቈጠርናቸው አካልን የሚጠብቁ ናቸው። ከእነርሱ በኋላ ሠራተኛው የራሱ ሊያደርጋቸው የሚገባ ጥቂት መሣሪያዎች አሉ። እነርሱም ቅርፊት ማራገፊያ አንድ ጫፉ የሾለ መዶሻ፥ የሽቦ ብሩሽ፥ ጉጠት ወይም ፒንሳ፥ ሜትር፥ ማዕዘን የሚለካበት ስኳድራ፥ በብረት ላይ ምልክት የሚደረግበት ጠመኔ፥ ሞረድና ሴጌቶ ናቸው። እነዚህ ሁሉ በአንድ ቦርሳ ይገባሉ። ሜትርና ስኳድራን ብዙ ጀማሪዎች ይንቋቸዋል፤ ነገር ግን የተጣመመ በር የሚወለደው ከመጥፎ ብየዳ ይልቅ ከመጥፎ ልክ ነው። ሠራተኛውም ልኩን የሚያውቅ እንደ ሆነ አሠሪው ቶሎ ያምነዋል።

የብየዳው ማሽን፥ ገመዱ፥ ግራይንደሩ፥ ኦክሲጅንና አሴቲሊን የሚያዝበት ሲሊንደር ግን የሥራ ቤቱ ዕቃ ነው፤ ከጀማሪ ሠራተኛ ሊጠየቅ አይገባውም። የጀማሪው ድርሻ ጧት ጧት ማየት ነው። የገመዱ ልባስ የተላጠ እንዳይሆን፥ የኤሌክትሮዱ መያዣ እንዳይሰነጠቅ፥ ከሚበየደው ብረት ጋራ የሚያያዘው መቈንጠጫም እንዳይላላ ይመርምር። በጋዝ የሚሠራ ከሆነም የኦክሲጅኑን መክፈቻ ዘይት በነካው እጅ አይንካ፤ ዘይትና ኦክሲጅን ሲገናኙ ይቀጣጠላሉና። ቤንዚን ወይም ዘይት የነበረበትን በርሜል ባዶ ነው ብሎ መበየድ ደግሞ ብዙ ሰው የሞተበት ድፍረት ነው። ባዶ የመሰለው በርሜል በማይታይ ትነት የተሞላ ነውና ይፈነዳል።

ስለ ያዡም ሳንናገር አናልፍም። አዲስ በያጅ ሥራውን የሚጀምረው በመበየድ ሳይሆን በመያዝ ነው። ዋናው ሠራተኛ ሲበይድ ብረቱ እንዳይናጋ ደግፎ የሚይዘው እርሱ ነው። ለዋናው ሠራተኛ መከለያ አለው፤ ያዡ ግን «ፊትህን አዙር» ይባላል እንጂ ምንም አይሰጠውም። ጨረሩም ፊቱን ባዞረው ልጅ ላይ ከጎን ይገባበታል፤ ከግድግዳና ከሚያብረቀርቅ ላሜራም ተመልሶ ያገኘዋል። ስለዚህ ልጁ «ገና መያዝ ነው የምማረው» ቢል፥ ወላጆቹ «እንግዲያስ መከለያው ዛሬውኑ ያስፈልግሃል» ሊሉት ይገባል።

የዚህ የዐይን ሕመም ክፋቱ ወዲያው አለመታወቁ ነው። ልጁ ቀን ሲሠራ ውሎ ደኅና ሆኖ ይገባል፤ እራቱን በልቶ ይተኛል። ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ካለፈ በኋላ ግን ዐይኑ አሸዋ የተነሰነሰበት ያህል ይቈጠቍጠዋል፤ እንባው ይፈሳል፤ መብራት ማየት ይሳነዋል። እናቱም በመንፈቀ ሌሊት ተነሥታ ጎረቤት የነገራትን ሁሉ ልታደርግለት ትሞክራለች። በዚህ ጊዜ ወተትም ሆነ ቅጠል በዐይኑ ውስጥ ከቶ አይግባ። ክፍሉን አጨልሞ፥ በንጹሕ ውሃ የራሰ ቀዝቃዛ ጨርቅ በተጨፈነው ዐይን ላይ ማድረግ፥ እንዳያሸውም መከልከል፥ ከዚያም ወደ ሐኪም መውሰድ ነው። የሚያደነዝዝ ጠብታ ገዝቶ በቤት ደጋግሞ ማድረግ ሕመሙን ቢያስረሳም ቁስሉ እንዳይድን ያደርጋል። የብረት ስባሪ የገባበት ሲሆን ደግሞ ሌሊቱም ቢሆን ሊዘገይ አይገባውም። የጨረሩ ቁስል ብዙ ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይድናል፤ ቶሎ መዳኑም ብዙዎችን ያታልላቸዋል። ነገር ግን ሳይከላከሉ ዓመት እስከ ዓመት ለዚህ እሳት የተገለጠ ዐይን የማይመለስ ጉዳት ሊያገኘው ይችላል።

በቤት ውስጥ ደግሞ ቱታው ከሕፃናት ልብስ ጋራ አይታጠብ፤ በላዩ ያለው የብረት ብናኝ ከውጭ ይራገፍ። ልጁም እጁንና ፊቱን ሳይታጠብ ወደ ማዕድ አይቅረብ። ይህ ትንሽ ሥርዓት የሥራ ቤቱን ጭስ ከመኖሪያ ቤት ይለየዋል።

ወጪውን የሚሸከመው ማን ነው የሚል ጥያቄ ይነሣል። ሕጉ በዚህ ነገር ግልጥ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 አሠሪው ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ ዕቃና ልብስ እንዲሰጥ፥ አጠቃቀሙንም እንዲያስተምር ያዝዛል። ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለውንም ወጣት ሕይወቱን ወይም ጤናውን በሚጐዳ ሥራ ላይ ማሰማራትን ይከለክላል። እንግዲህ ወላጅ ከአሠሪ ጋራ በተነጋገረ ጊዜ ከደመወዙ አስቀድሞ ስለ መከለያው ቢጠይቅ ነውር አይሆንበትም፤ ሕግ የሰጠውን መጠየቁ ነውና። ነገር ግን ብዙዎቹ ትንንሽ የሥራ ቤቶች ይህን ሳይፈጽሙ ይገኛሉ። የሕጉ ፍሬ እስኪታይ ድረስ ደግሞ የልጁ ዐይን ቀጠሮ አይሰጥም። ስለዚህ ቤተ ሰቡ መብቱን ሳይተው ዕቃውን አስቀድሞ ቢገዛለት የተሻለ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላልና።

ገንዘቡ ለሁሉ ባይበቃ ተራው ይህ ነው። በመጀመሪያ መከለያውና ትክክለኛው መስተዋት፤ ቀጥሎ ነጩ መነጽርና የቆዳ ጓንት፤ ከዚያ የቆዳ ጫማና የጥጥ ቱታ፤ ከዚያም የአፍንጫ መሸፈኛውና የጆሮ መድፈኛው ይገዛል። መዶሻውና ብሩሹ፥ ሜትሩና ስኳድራው በመጨረሻ ይከተላሉ። ይህ ተራ የተገለበጠ የሚመስለው ሰው ቢኖር አንድ ነገር ያስብ። መዶሻ ከጓደኛ ይዋሱታል፤ ሜትርም ይዋሱታል፤ ዐይንን ግን ከማንም አይዋሱትም።

የተከበራችሁ አንባቢዎቻችን፥ ከእናንተ መካከል ልጁን ለብየዳ የማይሰድድ ብዙ ይኖራል። በያጅን ወደ ግቢው ጠርቶ በር ወይም አጥር የማያሠራ ግን ጥቂት ነው። እንግዲህ ሠራተኛው ወደ ግቢያችሁ በገባ ጊዜ ዋጋ ከመከራከራችሁ በፊት እጁንና ፊቱን ተመልከቱ። መከለያ ይዞ እንደ ሆነ፥ ያዡም ልጅ የራሱ እንዳለው ጠይቁ። ልጆቻችሁን ከአጠገቡ አርቁ፤ አንድ ባልዲ ውሃና አሸዋ በአቅራቢያው አኑሩ፤ ውሃውን ግን ኤሌክትሪክ ባለበት አትርጩት። ሥራውም ካለቀ በኋላ ተደብቆ የሚጤስ እሳት እንዳይኖር ቢያንስ ለአንድ ሰዓት የሚጠብቅ ሰው ይቁም። የምንገባበትንና የምንወጣበትን በር የሠራልን ሰው በሩን አይቶ ደስ ሊለው ይገባል፤ ለዚህም ዐይኑ ደኅና መሆን አለበት።